አመፅ የነፃነት ንቅናቄ የሚሆነው መቼ ነው?

አንድ ገበሬ በገዛ እጁ የዘራውን ቡቃያ ከሥሩ እየነቀለ ሲጥል ብታዩ ምን ትላላችሁ? ምናልባት «ይህ ሰው አእምሮውን ስቷል» ትሉ ይሆናል። ወይም ደግሞ ጥቂት ቆም ብላችሁ፣ «ምን ቢበድሉት ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር፣ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከኪልዋ ባሕር ዳርቻ ወደ ውስጥ ገባ ባለው በማቱምቢ ኮረብታማ ምድር የሆነው ይኸው ነው። በጁላይ ወር 1905 የናንዴቴ መንደር ሰዎች ወደ ጥጡ ማሳ ገብተው ችግኝ ነቀሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጥጡን የዘሩት እነርሱ ነበሩ፤ ያረሙትና የኮተኮቱትም እነርሱ ነበሩ፤ ጥቅሙ ግን የጀርመን ቅኝ ገዢዎች ነበር። ስለዚህ ያን ችግኝ መንቀል ጦርነት ከማወጅ አይተናነስም ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ዓመት ያህል የቆየው ጦርነት በታሪክ የማጂ ማጂ አመፅ ተብሎ ይታወቃል።

ከዚያ አመፅ ሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1961፣ ያች አገር ታንጋኒካ በሚል ስም ነፃ ወጣች። እኔም በዚህ ጽሑፍ አስተያየቴን የማቀርብላችሁ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ስላለው መንገድ ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን አያገናኟቸውም። የመጀመሪያውን የጥንቆላ ውጤት ነው ብለው በንቀት ያልፉታል፤ ሁለተኛውን ደግሞ እንግሊዞች በሰላም ያስረከቡት ስጦታ ያደርጉታል። እኔ በሁለቱም አባባል አልስማማም። የ1905 ገበሬዎች ከ1961 ሰዎች ያነሰ ድፍረት አልነበራቸውም፤ እንዲያውም የበለጠ ነበራቸው ለማለት ይቻላል። ያጡት ድፍረት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ፣ የሕዝብ አመፅ ወደ ነፃነት ንቅናቄ የሚያድገው እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። በአገራችን ታሪክ ከ1936 እስከ 1941 ፋሽስት ኢጣሊያን ስለ ተጋደሉት አርበኞች ተምራችኋል። እነዚያ አርበኞች ወደ ዱር ሲገቡ የሚያስመልሱት መንግሥትና መልሰው የሚሰቅሉት ሰንደቅ ዓላማ ነበራቸው። የታንጋኒካ ሕዝብ ግን እንዲህ አልነበረም። ጀርመኖች ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ወሰን ውስጥ ያለውን ሕዝብ ሁሉ ያቀፈ አንድ መንግሥት አልነበረም፤ ወሰኑንም ቢሆን ያሰመሩት ባዕዳን ናቸው። በውስጡ ከመቶ የሚበልጡ፣ ቋንቋቸውና ልማዳቸው የተለያየ ነገዶች ይኖሩ ነበር። ታዲያ አንድ ሆኖ የማያውቅ ሕዝብ እንዴት አድርጎ በአንድ ድምፅ «አገራችንን መልሱልን» ሊል ቻለ?

በመጀመሪያ እንዲህ ሊል አልቻለም። በ1888 እና በ1889 የባሕር ዳርቻው ሕዝብ በአቡሺሪ መሪነት ጀርመኖችን ተዋጋ፤ አቡሺሪ ተይዞ በፓንጋኒ ተሰቀለ። በ1891 የሄሄ ሕዝብ በንጉሡ በምክዋዋ አዝማችነት ሉጋሎ ላይ አንድ የጀርመን ጦር ከነአዛዡ ደመሰሰ። ምክዋዋ ዋና ከተማው ካሌንጋ በ1894 ከተያዘበትም በኋላ በጫካ እየተዘዋወረ አራት ዓመት ያህል ተዋጋ፤ በመጨረሻ በ1898 እጁን ከመስጠት ይልቅ ራሱን ገደለ። ጀርመኖች ራሱን ቆርጠው ወደ አገራቸው ወሰዱት። ይህ ሁሉ ታላቅ ጀግንነት ነው። ነገር ግን የባሕር ዳርቻው ሰው ሲወድቅ የደጋው ሰው አልተነሣም፤ ሄሄ ሲዋጋ ሌላው ዳር ቆሞ ተመለከተ፤ ከጀርመን ጋር ያበረም ነበረ። እያንዳንዱ የተዋጋው ለራሱ ምድርና ለራሱ ንጉሥ ነበር። ጠላት ደግሞ ለእያንዳንዱ ተራ እያበጀ መታው።

የማጂ ማጂ አመፅ ከዚህ የሚለየው በዚሁ ነው። በ1902 ገደማ የጀርመን አስተዳደር በደቡብ ምሥራቁ ክፍል የጥጥ እርሻ በግዴታ አቋቋመ። የየመንደሩ ሰው የራሱን እርሻ ጥሎ በጋራው የጥጥ ማሳ ላይ እንዲሠራ ተገደደ። የሚያሠሩት «አኪዳ» የሚባሉት የመንግሥት ሹሞች ጅራፍ አይለያቸውም ነበር። የጥጥ ሥራ ከእህሉ ሥራ ጋር በአንድ ወቅት ስለሚገጥም፣ ጥጡ ሲኮተኮት ማሽላው በአረም ይዋጣል፤ ጥጡ ሲለቀም ማሽላውን ዝንጀሮና ከርከሮ ይጨርሰዋል። በዓመቱ መጨረሻ የተከፈለው ገንዘብ ከማነሱ የተነሣ አንዳንዶቹ አንቀበልም እስከ ማለት ደረሱ። በዚህ ላይ የግብር ዕዳ ነበረ።

በዚህ ጊዜ ንጋራምቤ በተባለ ስፍራ ኪንጂኪቲሌ ንግዋሌ የሚባል ሰው ተነሣ። ይህ ሰው መንፈስ አደረብኝ አለ፤ ለሚመጣው ሕዝብም መድኃኒት ነው የሚለውን ውሃ ያድል ጀመር። ውሃው በስዋሂሊ ቋንቋ «ማጂ» ይባላል፤ የአመፁም ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ውሃውን የጠጣና የተረጨ ሰው ጥይት አይመታውም፤ የነጮቹ ጥይት ወደ ውሃነት ይለወጣል ተብሎ ታመነ።

እዚህ ላይ ፈገግ የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ፈገግ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ሌላ ነገር ታየኝ። ውሃው ጥይት አላቆመም። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ጦር ያልቻለውን፣ ንጉሥም ያልቻለውን ነገር አደረገ፤ ይኸውም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ አንዳንዶቹም ደም የተቃቡ ነገዶች ከአንድ ዕቃ እንዲጠጡ አደረገ። መልእክተኞች ውሃውን ይዘው ከመንደር ወደ መንደር፣ ከሩፊጂ ወንዝ አንሥቶ እስከ ንጎኒ አገር ድረስ ዞሩ። ውሃውን የተቀበለ ሁሉ የአንድ ነገር አባል ሆነ። ከሃያ የማያንሱ ነገዶች በአንድ ጦርነት ውስጥ ገቡ። ኪንጂኪቲሌ በኦገስት ወር 1905 መጀመሪያ ላይ ተይዞ ሲሰቀል እንኳ አመፁ አልቆመም፤ እንዲያውም የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። የማጂ ማጂን ውሃ በጥንቆላነቱ ብቻ የሚመለከት ሰው፣ በውስጡ ያለውን ድርጅት አላየም ማለት ነው።

ነገር ግን ያ ድርጅት በእምነት ላይ የቆመ ነበርና፣ እምነቱ በተሰበረ ጊዜ አብሮ ተሰበረ። በኦገስት ወር መጨረሻ በሺህ የሚቆጠሩ ተዋጊዎች በማሄንጌ የሚገኘውን የጀርመን ምሽግ ሲያጠቁ በመትረየስ ታጨዱ። ከዚያ በኋላ ጀርመኖች ከጥይት የከፋ መሣሪያ አወጡ፤ ይኸውም ረኀብ ነው። መንደሩን አቃጠሉ፤ እህሉን በጎተራም በማሳም አጠፉ፤ ገበሬው ዳግም እንዳይዘራ ከለከሉ። የጀርመን መንግሥት ራሱ የሟቾቹን ቁጥር 75,000 አድርሶታል፤ ከዚያ ወዲህ የጻፉ የታሪክ ምሁራን ግን በረኀብና በበሽታ ያለቀው ሕዝብ ከ250,000 እስከ 300,000 ይደርሳል ይላሉ። የንጎኒ መሪዎች በ1906 በስቅላት ተቀጡ፤ ከመካከላቸው የሶንጌያ ምባኖ ስም ዛሬም በሶንጌያ ከተማ ስም ይጠራል። የጀርመን ፕሬዚዳንት ወደዚያች ከተማ ሄደው ስለዚህ ግፍ ይቅርታ የጠየቁት በኖቬምበር ወር 2023 ነው።

እንግዲህ በ1907 የቀረው ምን ነበር? ሕዝቡ በአንድነት መነሣት እንደሚችል አውቋል። ነገር ግን ያን ዕውቀት የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። መዝገብ የለም፤ ማኅበር የለም፤ መሪው ሲሞት ተተኪ የሚመርጥ ጉባኤ የለም። ሁሉም ነገር በሰዎች ልብ ውስጥ ነበረና ሰዎቹ ሲያልቁ አብሮ ወደ መቃብር ወረደ። በተረፉት ዘንድ የቀረው ፍርሃት ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ተባረረች፤ አገሪቱ ከዓለም መንግሥታት ማኅበር በተሰጠ አደራ ስም ለእንግሊዝ ተላለፈች። ለገበሬው የተለወጠው የገዢው ቋንቋ ነው። በ1929 በዳሬሰላም የአፍሪካውያን ማኅበር የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። አባሎቹ ጸሐፊዎች፣ መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ክብራቸው ስብሰባ ያደርጉ፣ አቤቱታም ይጽፉ ነበር። በዚህ ማኅበር ላይ መቀለድ ቀላል ነው፤ ጥቂት ካራባት ያሰሩ ሰዎች «ጌታዬ ሆይ» እያሉ ለባዕድ ገዢ ደብዳቤ መጻፋቸው ከኪንጂኪቲሌ ጎን ሲቆም ያንሳል። ዳሩ ግን እነዚህ ሰዎች ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ ሊቀ መንበር መምረጥን፣ መዋጮ መሰብሰብን፣ በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ማቋቋምን ተማሩ። በ1905 ድርጅቱ የማይጸና ሕዝባዊ ቁጣ ነበረ፤ በ1929 ደግሞ ሕዝብ የሌለበት ድርጅት ተቋቋመ። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ።

ያገናኛቸው ገበሬው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ምሳሌዎችን ሰፋ አድርጌ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው በሰሜን፣ በሜሩ ተራራ ግርጌ የሆነው ነው። በኖቬምበር ወር 1951 የእንግሊዝ አስተዳደር ሦስት ሺህ ያህል የሜሩ ሰዎችን ከመሬታቸው አፈናቀለ፤ ምክንያቱም መሬቱ ለአውሮፓውያን ከብት አርቢዎች ተፈልጎ ነው። ቤቶቻቸው ተቃጠሉ። የሜሩ ሕዝብ ግን ጦር አላነሣም። ካሳና ምትክ መሬት አንቀበልም አለ፤ ገንዘብ አዋጥቶም ኪሪሎ ጃፌት የተባለውን ወጣት በ1952 ከጠበቃ ጋር ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ላከ። ታንጋኒካ በድርጅቱ የበላይ ጠባቂነት ሥር ነበረችና ሕዝቡ አቤቱታ የማቅረብ መብት ነበረው። ጉዳዩ በጠቅላላው ጉባኤ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስላላገኘ መሬቱ ያን ጊዜ አልተመለሰም። ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ትርፉ ኪሪሎ ከተመለሰ በኋላ የመጣ ነው። በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች እየተዘዋወረ ያየውንና የሰማውን ለሕዝብ ነገረ። ሜሩን አይቶ የማያውቅ ሰው የሜሩን ታሪክ ሰማ፤ «ዛሬ የእነርሱ፣ ነገ የእኛ» አለ። የአንድ ነገድ በደል የአገር በደል የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እንደገና ስለ ጥጥ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የሚኖረው የሱኩማ ሕዝብ ጥጥ እያመረተ ለነጋዴዎች ይሸጥ ነበር። ገበሬው ጥጡን ተሸክሞ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ከሚዛኑ ፊት ሲደርስ ግን ቁጥሩን የሚያነበው ገዢው ነው። ስንት ኪሎ በዚያ ሚዛን ላይ እንደ ጠፋ የሚያውቅ የለም። በ1950 እና በ1951 ገደማ ገበሬዎቹ ከመካከላቸው ማንበብና መቁጠር የሚችሉ ሰዎችን መርጠው ከሚዛኑ አጠገብ አቆሙ። ይህን ትንሽ ነገር አትናቁት። በ1905 ገበሬው በደሉን የገለጸው ጥጡን በመንቀል ነው፤ አሁን ግን ጥጡን ሳይነቅል ሚዛኑን ያዘ። ከሚዛን ጠባቂዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወለዱ፤ በፖል ቦማኒ መሪነት በ1955 የቪክቶሪያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፌዴሬሽን ተቋቋመ። መንግሥት ከ1954 መጨረሻ ጀምሮ በሱኩማ ምድር የፖለቲካ ማኅበርን ለአራት ዓመት ያህል ሲያግድ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ግን ጥጥ ይመዝኑ ነበርና ሊዘጉ አልቻሉም። በየሳምንቱ የሚሰበሰበው ሕዝብ ስለ ጥጥ ዋጋ ብቻ ይነጋገር ነበር ብሎ የሚያምን የዋህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልመለስ። የሜሩ ሰው «መሬቴን»፣ የሱኩማው ሰው «የጥጤን ዋጋ»፣ በ1947 ሥራ ያቆመው የዳሬሰላም ወደብ ሠራተኛ «ደመወዜን» ይል ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው መልስ ሊሰጠው ይችላል። ገዢው ለሜሩ ምትክ መሬት፣ ለሱኩማ ጥቂት ሳንቲም፣ ለወደቡ ሠራተኛ ጥቂት ሺልንግ ጨምሮ በመካከላቸው ተዝናንቶ ሊቀመጥ ይችል ነበር። አመፅ የነፃነት ንቅናቄ የሚሆነው ሕዝቡ «ይህን በደል አንሡልኝ» ማለትን ትቶ «ለመሆኑ በእኔ ላይ የሾማችሁ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው። ይህን ጥያቄ በምትክ መሬትም ሆነ በሺልንግ ማስታገሥ አይቻልም።

ይህን ጥያቄ ይዞ የተነሣው ድርጅት የታንጋኒካ አፍሪካዊ ብሔራዊ ኅብረት፣ በአጭሩ ታኑ፣ ነው። ጁላይ 7 ቀን 1954 በዳሬሰላም ከአሮጌው ማኅበር ተለውጦ ሲቋቋም በስብሰባው የተገኙት ሰዎች አሥራ ሰባት ያህል ብቻ ነበሩ ይባላል። ሊቀ መንበሩ ጁሊየስ ኔሬሬ በከተማው አቅራቢያ በፑጉ የሚያስተምሩ የሠላሳ ሁለት ዓመት መምህር ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከማስተማርና ከፖለቲካ አንዱን እንዲመርጡ ሲጠየቁ ማስተማሩን ተዉ። (ትምህርት ቤትን ትቶ መሄድ ለአንድ መምህር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው መምህር ብቻ ነው።) በዚያው ሰሞን የሆነ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ታኑ ከመቋቋሙ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በጁን ወር 1954፣ የእንግሊዙ አገረ ገዢ ትዋይኒንግ ወደ ካሌንጋ ሄደው የምክዋዋን የራስ ቅል ነው የተባለውን ለልጅ ልጁ አስረከቡ። ቅሉ እንዲመለስ በ1919 በቬርሳይ ውል ተወስኖ ነበር፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ዘገየ። አገረ ገዢው የሄሄን ሕዝብ ወዳጅነት ለማግኘት ያሰቡ ይመስለኛል። ያለፈውን ዘመን ጀግና በክብር መቀበል ግን ገዢውን ለማክበር ምክንያት አይሆንም።

ታኑ ከማጂ ማጂ የወረሰውን እንመልከት። በውሃው ፈንታ የአባልነት ካርድ መጣ። የተቀበለ ሁሉ የአንድ ነገር አባል ነው። መልእክተኞች ውሃ ይዘው በዞሩበት መንገድ አሁን አደራጆች ካርድ ይዘው ዞሩ። ልዩነቱ ካርዱ ከጥይት አድናለሁ አለማለቱ ነው፤ ስለዚህ ጥይት ቢመጣም እምነቱ አይፈርስም። መሪው ቢታሰር ምክትሉ አለ፤ አንድ ቅርንጫፍ ቢዘጋ ሌላው ይሠራል፤ ገንዘቡ በመዝገብ ነው።

የቋንቋ ተማሪዎች ስለሆናችሁ ደግሞ ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የኔሬሬ ንግግር በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ያለ አስተርጓሚ ይሰማ የነበረው በስዋሂሊ ስለ ተናገሩ ነው። ስዋሂሊን በመጀመሪያ ወደ ውስጥ ያደረሱት የቅፍለት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ቀጥሎ ጀርመኖች ለአስተዳደራቸው እንዲያመቻቸው በትምህርት ቤቶቻቸው አስተማሩት፤ እንግሊዞችም ይህንኑ ቀጠሉ። ገዢው ትእዛዝ ለማስተላለፍ ያስፋፋውን ቋንቋ ተገዢው እንቢታውን ሊያስተላልፍበት ያዘው። ስዋሂሊ ከትልልቆቹ ነገዶች የአንዱም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ስላልነበረ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጫነ የሚል ቅሬታ አላስነሣም። ይህ ዕድል ለሁሉ አገር የተሰጠ አይደለም።

ካርዱን በብዛት ያሠራጨው ማን እንደ ሆነስ ታውቃላችሁ? በ1955 በዳሬሰላም የአንድ የሴቶች የዘፈንና የጭፈራ ማኅበር መሪ የነበሩት ቢቢ ቲቲ መሐመድ የታኑን የሴቶች ክፍል እንዲመሩ ተጠየቁ። ወይዘሮዋ የተማሩት አራት ዓመት ብቻ ነበር። ሰው የሚሰበሰበው የት እንደ ሆነ ግን ከተማሩት ወንዶች የበለጠ ያውቁ ነበር። በከተማው ውስጥ በልዩ ልዩ ስም የሚጠሩ የሴቶች የጭፈራ ማኅበራት አሉ፤ አባሎቻቸው ከልዩ ልዩ ነገድ የተውጣጡ ጠላ ጠማቂዎች፣ ምግብ ሻጮችና የቤት እመቤቶች ናቸው፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ አብረው ይውላሉ። ቢቢ ቲቲ ወደነዚህ ማኅበራት ሄዱ። በጥቂት ወራት ውስጥ አምስት ሺህ ያህል ሴቶች የታኑ አባል ሆኑ። በመንግሥት ሥራ ያለ ወንድ በፖለቲካ እንዳይገባ በሕግ ስለ ተከለከለ ሥራውን ይፈራ ነበር፤ ጠላ ጠማቂዋን ግን ከምን ሥራ ያባርሯታል? ስለ ነፃነት ታሪክ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት የአንድን ሰው ፎቶግራፍ በሽፋናቸው ላይ ያወጣሉ። ኔሬሬ ታላቅ ሰው መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን አዳራሹን የሞላው ሕዝብ በራሱ እግር አልመጣም፤ የጠሩት ሰዎች አሉ።

አስተያየት ስትጽፉ ተቃራኒውን ሐሳብ አትሽሹት፤ እኔም አልሸሸውም። «ታንጋኒካ ዕድለኛ ነበረች» የሚሉ ሰዎች አሉ። እንደ ኬንያ ብዙ ነጭ ሰፋሪ አልነበረባትም፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይቆጣጠራት ነበር፤ እንግሊዝም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደክማ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም በ1954 አገሪቱን የጎበኘው የተባበሩት መንግሥታት ልዑክ ራሱ ታንጋኒካ ነፃ ለመውጣት ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ዓመት ያስፈልጋታል ብሎ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ይህም በዛ ብሎ ተቆጣ። ሁኔታው ብቻውን ይሠራ ቢሆን ኖሮ ነፃነት የሚመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነበር። በሰባት ዓመት ያመጣው ታዲያ ምንድን ነው? ምቹ ነፋስ መርከብን ይረዳል፤ መርከብ ለሌለው ግን ነፋሱ ምን ይረባዋል?

ሌላው ክርክር የተነሣው ከታኑ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ለ1958 ምርጫ ያወጡት ሕግ የሚያስመርር ነበር። እያንዳንዱ መራጭ ለአንድ አፍሪካዊ፣ ለአንድ አውሮፓዊና ለአንድ እስያዊ ድምፅ መስጠት አለበት፤ ይህን ካላደረገ ድምፁ አይቆጠርም። ድምፅ ለመስጠትም የተወሰነ ትምህርት ወይም በዓመት 150 ፓውንድ ገቢ ያስፈልጋል። በጃንዋሪ ወር 1958 በታቦራ በተደረገው የታኑ ጉባኤ ብዙዎች «በእንዲህ ያለ ምርጫ መግባት ውርደት ነው» አሉ። ኔሬሬ እንግባ አሉ፤ አሳመኑም። ዙበሪ ምቴምቩ የተባሉት አባል ከዚህ በኋላ ተለይተው የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ። ምቴምቩን ከሐዲ ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ክብራቸው አልፈቀደላቸውም። እኔ ግን ከታቦራው ውሳኔ ጋር ነኝ። በ1905 ሕዝቡ የተሰጠውን ጥጥ ነቀለ፤ በ1958 ግን የተሰጠውን የተንጋደደ የምርጫ ሕግ ሳይነቅል ተጠቀመበት። ታኑ የደገፋቸው አውሮፓውያንና እስያውያን እጩዎች ሳይቀሩ አሸነፉ። በ1960 በተደረገው ምርጫ ከ71 መቀመጫዎች ታኑ 70ውን ያዘ።

ታሪኩ ከነፃነት በኋላ ሁሉ ያማረ ነበር ብዬ አላታልላችሁም። በ1965 ታኑ በታንጋኒካ ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ ሆነ፤ ጥያቄ በመጠየቅ የተመሠረተው ድርጅት የሚጠይቀው ጠፋ። ቢቢ ቲቲ በ1969 በአገር ክሕደት ተከሰው ታሰሩ፤ የተፈቱት በ1972 ነው። ባዕድን ለማስወጣት የሚያስፈልገው አንድነትና ከዚያ በኋላ ለመኖር የሚያስፈልገው ነፃነት አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

በዲሴምበር ወር 1956 ኔሬሬ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኮሚቴ ፊት ቆመው ስለ ማጂ ማጂ ተናግረው ነበር። ሕዝቡ የተነሣው ነጭ ሰው ጥቁርን ለመግዛትና ለማሠልጠን መብት አለው የሚለውን ባለመቀበሉ ነው፤ በጦር መሣሪያ ብልጫ ተሸነፈ እንጂ መብቱን አምኖ አልተቀበለም የሚል ነበር ሐሳባቸው። በ1905 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ያን ጊዜ የስድሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነው። በደቡብ ክፍል ያሉ እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ታኑ በመጣ ጊዜ ፈርተው ነበር፤ ሰው ሲያልቅ በዓይናቸው አይተዋልና። አደራጆቹ የዚህ ጊዜው ትግል ጥይት የማይተኮስበት መሆኑን ደጋግመው ማስረዳት ነበረባቸው።

ከነፃነት ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የታሪክ ተማሪዎች ማስታወሻ ደብተር ይዘው ወደነዚያ ሽማግሌዎች መንደሮች ሄዱ። ከማቱምቢ እስከ ንጎኒ አገር ድረስ እየተዘዋወሩ ከጦርነቱ የተረፉትን ሰዎች ጠየቁ፤ የሰሙትንም ጻፉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ኪንጂኪቲሌ ውሃና ስለ መትረየሱ ተናገሩ። ስለ ጥጡም ተናገሩ፤ አኪዳው እንዴት እንዳሠራቸው፣ ጅራፉ እንዴት እንደ ነበር፣ የራሳቸው እህል በማሳ ላይ እንዴት እንደ ጠፋ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ነገር ሳይመስል አንድ በአንድ አወሩላቸው።